ከፍ ማለት መሻሻል ነውን?
የሞላ፣ የሾክ አብሶርበርና የስበት ማዕከል ፊዚክስ

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2010፣ የዶክትሬት ትምህርቴን በጀርመን አገር እከታተል በነበረበት ወቅት፣ ከአንድ የቤተ ሙከራ ባልደረባዬ ጋር ወደ አይስላንድ ተጉዤ ነበር። የተጓዝንባት መኪና በውስጧ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣና የውሃ ታንክ የተገጠመላት፣ ተጓዥ እንደ ቤት የሚያድርባት፣ በአውሮፓና በአሜሪካ «ካምፐር ቫን» እየተባለች የምትጠራው ዓይነት ነበረች። ሞዴሏ ፎልክስቫገን ትራንስፖርተር ሲንክሮ ነው። ይህ ሞዴል እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1992 በኦስትሪያ ግራትስ ከተማ በሽታየር ዳይምለር ፑክ ፋብሪካ የተሠራ ሲሆን፣ ሞተሩ ከኋላ ተቀምጦ አራቱንም ጎማዎች ያንቀሳቅሳል፤ አራቱም ጎማዎች ደግሞ በየራሳቸው ጥምዝ ሞላ አካሉን ይሸከማሉ።

ባልደረባዬ ከጉዞው በፊት መኪናዋን «አሻሽሏት» ነበር። በዕቃ ብዛት የኋላ ክፍሏ ዝቅ ማለቱ አላስደሰተውምና በገበያ ያገኛቸውን እጅግ ጠንካራ ሞላዎች ገዝቶ አስገጠመ። መኪናዋ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አለች፤ መልኳም የበረሃ አሳሽ መኪና መሰለ። ሾክ አብሶርበሮቹ ግን የድሮዎቹ ነበሩ። በጣሪያዋም ላይ ዕቃ የሞላ ሳጥን ጫነ።

የአይስላንድን ደጋማ መካከል የሚያቋርጠው ኪዮሉር የተባለው የጠጠር መንገድ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ የተሸነሸነ ነው። በሁለተኛው ቀን ከአንድ ጠመዝማዛ ስንደርስ የመኪናዋ ኋላ ወደ ጎን ተንሸራተተ፤ መሪው ምላሽ አልሰጠም፤ ሁለቱ የቀኝ ጎማዎች ከመንገዱ ወጥተው ቦይ ውስጥ ገቡ። መኪናዋ አዘነበለች፣ ለአፍታ ያህል በሐሳቧ የቆመች መሰለች፣ ከዚያም ተመልሳ በአራት እግሯ ቆመች። ወርደን ስናይ አንደኛው የኋላ ሾክ አብሶርበር ዘይቱን አፍስሷል፤ ሌላው ደግሞ እጅ አያስነካም። ሁለታችንም የፊዚክስ ሰዎች ነን፤ ሆኖም ከመነሳታችን በፊት አንዲት መስመር ስሌት አልሠራንም ነበር። ስሌቱን የሠራነው ፀሐይ ለይስሙላ ብቻ በምትጠልቅበት በዚያ ምሽት፣ በምግብ ማሸጊያ ካርቶን ጀርባ ላይ ነው። ከዚህ በታች የሚቀርበው የዚያው ስሌት የተስተካከለ ቅጂ ሲሆን ቁጥሮቹ ለሥሌት እንዲያመቹ ተጠጋግተዋል።

ሞላውና ጭነቱ

ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1678 ይፋ ባደረገው ሕግ መሠረት፣ ሞላ የሚያጥረው ወይም የሚረዝመው በተጫነበት ኃይል ልክ ነው። እስቲ አንዲት የኋላ ጎማ ከላይዋ 500 ኪሎ ግራም መጠነ ቁስ ትሸከማለች እንበል። የሞላው ጥንካሬ በሜትር 30,000 ኒውተን ቢሆን፣ ማለትም አንድ ሴንቲ ሜትር ለመጨመቅ 300 ኒውተን የሚጠይቅ ቢሆን፣ 4,900 ኒውተን የሚመዝነው ይህ ጭነት ሞላውን 16 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨምቀዋል። ይህን መጠን «የእረፍት ጭምቀት» ብለን እንጥራው።

አካሉን ወደ ታች ተጭነን ብንለቀው ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል። የውዝዋዜው ድግግሞሽ የሚገኘው የሞላውን ጥንካሬ ለመጠነ ቁሱ አካፍለን፣ የድርሻውን ዳግም ዘር ወስደን፣ ውጤቱን ለሁለት ፓይ፣ ማለትም ለ6.28 በማካፈል ነው። ይህን ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያለ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ብዙዎች የማያስተውሉት ግን የሚከተለውን ነው። የሞላው ጥንካሬ ራሱ ክብደቱ ለእረፍት ጭምቀቱ ሲካፈል የሚገኝ ስለሆነ፣ በቀመሩ ውስጥ ስንተካው መጠነ ቁሱ ከላይም ከታችም ይጠፋል። የሚቀረን የእረፍት ጭምቀቱ ብቻ ነው። ቁጥሮቹን ስናሰላም እጅግ ቀላል ደንብ እናገኛለን፤ ድግግሞሹ በኸርዝ፣ 5 በሴንቲ ሜትር ለተለካው የእረፍት ጭምቀት ዳግም ዘር ሲካፈል ከሚገኘው ቁጥር ጋር እኩል ነው።

እንግዲህ 25 ሴንቲ ሜትር የተጨመቀ ሞላ በ1 ኸርዝ ይወዛወዛል፤ 16 ሴንቲ ሜትር የተጨመቀ በ1.25፤ 4 ሴንቲ ሜትር ብቻ የተጨመቀ በ2.5። መኪናዋ ትንሽ ትሁን የጭነት መኪና፣ ሞላው የመጠነ ቁሱን ያህል እስከተመጠነ ድረስ ልዩነት የለውም። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው የሚያምኑኝ በማስመሪያ ለክተው ካዩ በኋላ ብቻ ነው፤ ተገቢም ነው።

ከ1 እስከ 1.5 ኸርዝ ያለው ክልል ለመንገደኛ መኪኖች የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው ሲራመድ በሰከንድ ሁለት እርምጃ ያህል ስለሚሄድ ሰውነታችን በዚህ አካባቢ ያለን ዝግ ያለ ከፍታና ዝቅታ ለምዶታል። ከ0.5 ኸርዝ በታች ያለው ውዝዋዜ መርከብ ላይ እንደሚያጋጥመው ያቅለሸልሻል። ከ4 እስከ 8 ኸርዝ ያለው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚያውከን ነው፤ የሆድ ዕቃችንና የላይኛው አካላችን በዚህ አካባቢ ከንዝረቱ ጋር አብረው ይወዛወዛሉና።

አሁን አልጋውን፣ ማቀዝቀዣውን፣ ውሃውንና ሁለተኛውን ባትሪ እንጫን። በዚያች የኋላ ጎማ ላይ 200 ኪሎ ግራም ተጨመረ እንበል። ሞላው ተጨማሪ 6.5 ሴንቲ ሜትር ይጨመቃል። ጎማው ወደ ላይ ሊንቀሳቀስ የሚችልበት ርቀት አስቀድሞ 10 ሴንቲ ሜትር ከነበረ፣ አሁን የቀረው 3.5 ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አካሉ ከላስቲክ ማቆሚያው ጋር ይጋጫል፤ በዚያች ቅጽበት ሞላ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ድግግሞሹም ወደ 1.04 ኸርዝ ይወርዳል።

ይህ መውረድ ሌላም መዘዝ አለው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካው የካዲላክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሞሪስ ኦሊ፣ ክብደቶቿ ከቦታ ቦታ በሚዘዋወሩባት የሙከራ መኪና ባደረገው ጥናት፣ የፊተኛው ሞላ ድግግሞሽ ከኋለኛው ያነሰ መሆን እንዳለበት አሳይቷል። ምክንያቱ ይህ ነው። የፊት ጎማ ጉብታውን ቀድሞ ይመታል። በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 2.46 ሜትር ሆኖ መኪናዋ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ብትጓዝ፣ የኋላው የሚከተለው ከ0.15 ሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። ዘግይቶ የጀመረው ኋላ ከፈጠነ፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ውዝዋዜ በኋላ ፊተኛውን ይደርስበትና መኪናዋ እንደ ገበታ ሜዳ ሆና በአንድነት ትነሳለች፣ ትወርዳለች። ዘግይቶ የጀመረው ዘገምተኛም ከሆነ ግን ፊትና ኋላ እየተፈራረቁ ይነሳሉ፤ መኪናዋ አንገቷን እየነቀነቀች ትሄዳለች። የተጫነች ካምፐር ቫን፣ ፊቷ 1.2 ኋላዋ 1.04 ኸርዝ ሲሆን የሚገጥማት ይኸው ነው። ስለዚህ የባልደረባዬ ቅሬታ እውነተኛ ነበር፤ ሞላውን ለማጠንከር መነሳቱም ትክክል ነበር። የተሳሳተው በመጠኑ ነው።

ትክክለኛው መጠን ምን ያህል ነበር? መጠነ ቁሱ ከ500 ወደ 700 አደገ፤ ማለትም በ1.4 ተባዛ። ሞላውም በ1.4 ቢባዛ 42,000 ኒውተን በሜትር ይሆናል። የእረፍት ጭምቀቱ እንደገና 16 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ቁመቱም ድግግሞሹም ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ። እርሱ ያስገጠመው ግን ወደ 60,000 የሚጠጋ ነበር። ጭምቀቱ 11.4 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፤ 16.3 ከነበረው ጋር ሲነጻጸር መኪናዋ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አለች። ያ የተደነቀበት ከፍታ ሌላ ምንም አይደለም፤ ከሚገባው በላይ የጠነከረ ሞላ ለመጨመቅ እምቢ ማለቱ ነው። ውሃው አልቆ፣ ስንቁ ተበልቶ፣ ዕቃው ሲራገፍ ደግሞ ድግግሞሹ ከ1.7 ኸርዝ ያልፋል።

ሾክ አብሶርበር፣ ስሙና ሥራው

«ሾክ አብሶርበር» የሚለው ስም አሳሳች ነው። ግጭቱን የሚቀበለው ሞላው ነው። ሞላ ግን የተቀበለውን ኢነርጂ አስቀምጦ መልሶ ይሰጣል፤ ወለድ አይጠይቅም፣ ምሕረትም አያደርግም። ያን ኢነርጂ ወደ ሙቀት ለውጦ የሚያስወግደው በዘይት የተሞላው ሲሊንደር ነው። ፒስተኑ ሲንቀሳቀስ ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳዎች እንዲያልፍ ይገደዳል፤ የሚፈጠረው ተቃውሞም፣ ነገሩን ቀለል ለማድረግ፣ ከፍጥነቱ ጋር ተመጣጣኝ ነው ብለን እንውሰድ።

አካሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይወዛወዝ ወደ ቦታው እንዲመለስ የሚያስፈልገው ትንሹ የማርገቢያ መጠን፣ የሞላውን ጥንካሬና መጠነ ቁሱን አባዝተን፣ ዳግም ዘሩን ወስደን፣ በሁለት በማባዛት ይገኛል። ለመጀመሪያዋ መኪና ይህ 7,750 ኒውተን ሰከንድ በሜትር ያህል ነው። በመኪና ላይ ይህን ያህል ማርገብ ጉዞውን ያደርቀዋል፤ ስለዚህ ከዚህ 30 በመቶ ገደማ፣ ማለትም 2,320 የሚሆን ሾክ አብሶርበር እንደተገጠመ እናስብ። ይህ ሲሆን፣ ከአንድ ሙሉ ውዝዋዜ በኋላ ከመጀመሪያው ስፋት የሚቀረው 14 በመቶ ብቻ ነው። በሁለተኛው ወደ 2 በመቶ ይወርዳል፤ አይታወቅም።

በ60,000 ሞላና በ700 ኪሎ ግራም ግን የሚያስፈልገው ሙሉ መጠን ወደ 12,960 ያድጋል። ያው የድሮው 2,320 አሁን የዚህ 18 በመቶ ብቻ ነው። ከአንድ ውዝዋዜ በኋላ 32 በመቶ፣ ከሁለት በኋላ 10 በመቶ ይቀራል። ሾክ አብሶርበሩ አላረጀም፣ አልተበላሸም፤ ሥራው ነው ያደገበት። ሞላ ቀይሮ ሾክ አብሶርበርን መተው፣ ለትልቅ ልጅ የታናሹን ጫማ እንደማልበስ ነው።

የተሸነሸነው መንገድ ደግሞ ሌላ ፈተና ያመጣል። እስካሁን የተነጋገርነው ስለ አካሉ ውዝዋዜ ነው። ነገር ግን ጎማው ከነቸርኬውና ከነፍሬኑ የራሱ ውዝዋዜ አለው፤ ከታች በጎማው አየር፣ ከላይ በሞላው መካከል ተይዟልና። መጠነ ቁሱ 45 ኪሎ ግራም፣ የጎማው ጥንካሬ 200,000 ኒውተን በሜትር ቢሆን፣ ድግግሞሹ ከ11 እስከ 12 ኸርዝ ይሆናል። በሽንሽኖቹ መካከል ያለው ርቀት 70 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የምትጓዝ መኪና በሰከንድ 12 ሽንሽን ትመታለች። ሁለቱ ድግግሞሾች ይገጥማሉ፤ ሬዞናንስ የምንለው ክስተት ይፈጠራል። ጎማው በ1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ብቻ ቢወዛወዝ እንኳ፣ በአንድ ሾክ አብሶርበር ውስጥ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ኃይል 650 ዋት ያህል ነው። ክንድ በማታክል ቱቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምድጃ ለኩሶ ለሰዓታት እንደመንዳት ማለት ነው። ዘይቱ ይቀጥናል፣ አረፋ ይይዛል፤ አረፋ በቀዳዳ ሲያልፍ አይቃወምም። በግፊት ናይትሮጂን የተሞሉ ሾክ አብሶርበሮች የተሠሩት ይህን አረፋ ለመከላከል ነው።

በነገራችን ላይ፣ ሽንሽኑን የሚፈጥረው የመኪኖች ሞላ ነው የሚለው የቆየ አስተሳሰብ ሙሉ አይደለም። ታበርሌ፣ ሞሪስና ማክኤልዌን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት፣ በሚሽከረከር የአሸዋ ገበታ ላይ አንዲት ጎማ አንከባልለው፣ ሞላ ባይኖርም እንኳ ከተወሰነ ፍጥነት በላይ ሽንሽኑ እንደሚፈጠር አሳይተዋል። ከዚያ ፍጥነት በታች ግን አሸዋው ሜዳ እንደሆነ ይቀራል።

የጠጠር መንገድ የለመደ ሾፌር ሁሉ መፍትሔውን ያውቃል፤ ነዳጅ ይረግጣል። በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ላይ ጎማው በሰከንድ 28 ጊዜ ያህል ስለሚመታ ከሬዞናንሱ በእጅጉ ይርቃል፤ መኪናዋ ጸጥ ትላለች፣ ሻዩም አይፈስም። አሳሳች ጸጥታ ነው። ጎማው ወደ ሽንሽኑ ሸለቆ ለመውረድ ጊዜ ስለማያገኝ የሚነካው ጫፍ ጫፉን ብቻ ነው። መሪም ሆነ ፍሬን የሚሠሩት ጎማው መሬቱን በሚጫንበት ኃይል ልክ ነው፤ ጎማው ለግማሽ ጊዜ አየር ላይ ከሆነ መሪውና ፍሬኑም ለግማሽ ጊዜ የሉም። እኛ የሆንነው ይህንኑ ነው። ንዝረቱ ሲያስመርረን ፈጠንን፤ የጋሉት ሾክ አብሶርበሮች ጎማውን መሬት ላይ ማቆየት አልቻሉም፤ ጠመዝማዛውም ደረሰ።

የ5 ሴንቲ ሜትር ዋጋ

አንዲት መኪና ወደ ጎን የመገልበጥ ዝንባሌዋ በመጀመሪያ ግምት የሚወሰነው በሁለት ርዝመቶች ነው፤ በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ባለው ርቀት ግማሽና በስበት ማዕከሏ ከፍታ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ስናካፍል የምናገኘው ቁጥር፣ መኪናዋ ሳትገለበጥ የምትችለውን የጎን ፍጥንጥነት ከመሬት ስበት ፍጥንጥነት ጋር አነጻጽሮ ይነግረናል። የጎማዎቹ ርቀት 1.57 ሜትር፣ የስበት ማዕከሉ ከፍታ 0.80 ሜትር ቢሆን ቁጥሩ 0.98 ነው። አካሉን 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ስናደርግና በጣሪያው ላይ 60 ኪሎ ግራም ስንጨምር የስበት ማዕከሉ ወደ 0.87 ይደርሳል፤ ቁጥሩም ወደ 0.90 ይወርዳል።

ከ0.98 ወደ 0.90፤ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን መኪና ስትታጠፍ አካሏ ወደ ውጭ ያዘነብላል፣ የስበት ማዕከሉም አብሮ ወደ ውጨኛው ጎማ ይጠጋል። ይህ መጠጋት ለመጀመሪያዋ መኪና 5.5 ሴንቲ ሜትር፣ ለከፍተኛዋ 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ቁጥሮቹ 0.91 እና 0.82 ይሆናሉ። በደረቅ አስፋልት ላይ በጎማና በመንገድ መካከል ያለው የሰበቃ መጠን ብዙውን ጊዜ 0.8 አካባቢ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያዋ መኪና ከመጠን በላይ በፍጥነት ብትታጠፍ፣ ከመገልበጧ በፊት ትንሸራተታለች፤ መንሸራተት ደግሞ ለሾፌሩ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛዋ ግን በመንሸራተትና በመገልበጥ መካከል ያለው ድንበር ላይ ቆማለች። ማስጠንቀቂያው ጠፍቷል።

በጠጠር ላይ ሰበቃው ስለሚያንስ መኪና መንሸራተቷ አይቀርም፤ አደጋው የሚመጣው የምትንሸራተተው ጎማ ከድንጋይ ወይም ከቦይ ጠርዝ ጋር ስትጋጭ ነው። አብዛኛው የመገልበጥ አደጋ የሚደርሰው እንዲህ በመደናቀፍ ነው። የእኛ መኪና ያልተገለበጠችው ቦዩ ጥልቀት ስላልነበረውና አፈሩ ለስላሳ ስለነበር ብቻ ነው።

ባልደረባዬ ከጉዞው መልስ የጣሪያውን ሳጥን አወረደ፤ የውሃ ታንኩን ከኋላ አንስቶ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ይህ አንዲት ሳንቲም አላስወጣውም፤ ከሁሉ የበለጠ የጠቀመውም ይኸው ነበር። ከዚያ በኋላ ነው መኪናዋን አስመዝኖ ለክብደቷ የሚመጥን ሞላ፣ ለሞላው የሚመጥን ሾክ አብሶርበር ያስገጠመው። በመጨረሻ የቀረው ከፍታ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። መንገዱ ላይ ግን ጎማው ለመንቀሳቀስ በቂ ቦታ ስለነበረው፣ ከፍ ብላ ከነበረችበት ጊዜ ይልቅ ሆዷ መሬት የሚነካው አልፎ አልፎ ነበር።

ካምፐር ቫን በአገራችን መንገዶች ላይ እምብዛም አትታይም። ይሁን እንጂ ይኸው ፊዚክስ በየጋራዡ አለ። ጭነት የሚበዛባቸው ፒክ አፖችና አይሱዙዎች ባሌስትራ ሲጨመርላቸው የሚሆነው የባልደረባዬ ታሪክ ነው። ባሌስትራ ግን አንድ ተጨማሪ ጠባይ አለው፤ ቅጠሎቹ እርስ በርሳቸው ሲፋተጉ ራሳቸው ውዝዋዜውን በከፊል ያረግባሉ። ስለዚህ ቅጠል ሲጨመር ጥንካሬውም ሰበቃውም አብረው ያድጋሉ፤ መኪናው ባዶውን ሲመለስ የሚዘለው በዚህ ምክንያት ነው። ለመስክ ሥራ የሚወጡ ላንድክሩዘሮችም ጄሪካኑን፣ ትርፍ ጎማውንና ድንኳኑን ሁሉ ጣሪያ ላይ ሲሸከሙ ይታያሉ። ደግሞም ግራና ቀኝ ጎማዎች በአንድ ወጥ አክስል በተያያዙበት መኪና ላይ፣ ሞላ ወይም ባሌስትራ ማስረዘም አካሉን እንጂ የአክስሉን ዲፈረንሻል ከፍ አያደርግም፤ እርሱን ከመሬት የሚያርቀው የጎማው ራዲየስ ብቻ ነው።

አንባቢው ይህን ሁሉ በማስመሪያ ሊፈትሸው ይችላል። ክብደታቸው የታወቀ ተማሪዎችን ከኋላ አክስል በላይ አስቀምጡ፤ የመኪናው ጠርዝ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ ለኩ፤ ጥንካሬው ይገኛል። የኋላ አክስል ላይ ያረፈውን ክብደት የጭነት መኪና ሚዛን ባለበት ቦታ ማወቅ ይቻላል። ለመለማመጃ ያህል፦ የአንድ መኪና የኋላ አክስል 1,500 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 200 ኪሎ ግራሙ ጎማዎቹና አክስሉ ራሳቸው ስለሆኑ በሞላው ላይ አያርፉም። በድምሩ 300 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ አምስት ተማሪዎች ሲቀመጡበት 3 ሴንቲ ሜትር ወረደ። ተማሪዎቹ ከወረዱ በኋላ የአካሉ ድግግሞሽ ስንት ነው? 500 ኪሎ ግራም የመስክ ዕቃ ቢጫንበት ስንት ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፣ ድግግሞሹስ ወደ ስንት ይለወጣል? ሞላውና ሾክ አብሶርበሩ እያንዳንዳቸው በስንት ቢባዙ መኪናው ወደ ቀድሞ ጠባዩ ይመለሳል?